ደህና የምትባለው ውሸት

ልጆቻችንን ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምራቸው ውሸት «ደህና» የምትለዋን ነው። ገና አፋቸውን ሳይፈቱ «ደህና ነኝ በል» እያልን እናለማምዳቸዋለን። ጉልበቱ ተልጦ ደሙ የሚወርደውን ልጅ እንኳ እንግዳ ፊት አቁመን «ደህና ነኝ በላ!» ብለን እንቆጣዋለን። ልጁ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ሲጠይቁት ግን አሁንም ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፉ ይወጣል። ይህን ጨዋነት የሚሉት አሉ። እኔ ጨዋነት አልለውም። ምን እንደምለው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድማችሁ ግን ይህን ስሙ።

ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በሚገነባበት አንድ ቦታ፣ ከምሰሶ ጫፍ ላይ በተንጠለጠለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ብረትና አርማታ የሚያነሳ ክሬን ነጂ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ንስሩ» ይሉታል። ከታች ሆኖ ጭነቱን በሰንሰለት የሚያስርለትና በመገናኛ ሬዲዮ የሚያናግረው ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራውን ያስገኘለትም ንስሩ ራሱ ነው። ሚስቱ በዚያን ጊዜ እጁን ይዛ «ከብረትህ ሥር የሚቆመው የእናቴ ልጅ ነው፤ አደራ» ብላው ነበር። እሱም «እኔ እያለሁ?» ብሎ ስቆባታል።

ጭነት ከመነሳቱ በፊት መባል ያለበት ነገር አለ። አሳሪው «ታስሯል፣ እጄ ወጥቷል፣ አንሳ» ይላል፤ ነጂው «አነሳለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ለሁለቱ አማቾች ረዘመባቸውና አሳጠሩት። አሳሪው «ደህና?» ይላል፣ ንስሩ «ደህና!» ይላል፣ ብረቱ ይነሳል። በቃ። ቀልጣፋ መላ መሰለቻቸው። የሥራው ተቆጣጣሪ ፎርማኑም ሰምቶ «እንዲህ ነው እንጂ! ሥራ በወሬ አያልቅም» ብሎ አደነቀላቸው።

እንግዲህ ንስሩ ታመመ። «ምን ሆኖ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ሞቶበት ነው? ቤት ተቃጥሎበት ነው? ምንም አልሆነም። እንድትፈሩ የምፈልገው ይህንን ነው። መጀመሪያ የቀረው ምሳ ነበር። መሰላሉ ረጅም ነው፤ ወርዶ ከሰዎቹ ጋር በልቶ መመለስ አሰለቸውና እዚያው ላይ ሆኖ ደረቅ ዳቦ መንከስ ጀመረ። ቆየና ዳቦውም ቀርቶ አንድ ፔርሙዝ ጥቁር ቡና ብቻ ሆነ። ከሥራ ወደ ቤት ከአማቹ ጋር እየተሳሳቁ በእግራቸው ነበር የሚመለሱት፤ ትርፍ ሰዓት መሥራት ሲጀምር ያም ቀረ። የእረፍት ቀኑ ኳስ ጨዋታ ቀረ። አልጋ ላይ ስልኩን አፍንጫው ላይ ደቅኖ የዓለምን መከራ ሲያገላብጥ እንቅልፉ ጥሎት ሄደ። አንዱም ሲቀር «ልቀር ነው» አላለውም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የፌሮ ብረት እስር ሕንፃው ላይ አራግፎ ቀጣዩ ጭነት እስኪታሰር እየጠበቀ ሳለ፣ ልቡ ያለ ምክንያት መደለቅ ጀመረ። ደረቱ ጠበበው። መዳፎቹ በላብ ርሰው እጀታው አሟለጨው። ምሰሶው እየወደቀ መሰለው። «መሰለው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አምኖ ነበር። ከእግሩ ሥር ባለው መስታወት ወደ ታች ሲያይ አማቹ የጉንዳን ያህል ሆኖ ቆሟል፤ ምሰሶው በቀጥታ እሱ ላይ ሲወድቅ ታየው። መተንፈስ አቃተው። ሊጮህ አፉን ሲከፍት የቀጣዩ ጭነት ሰዓት ደርሶ ኖሮ ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ።

«ደህና?»

«ደህና!»

የመለሰው አፉ ነው። እሱ እየሞተ ነበር።

ፍርሃቱ ጥቂት ቆይቶ እንደ አመጣጡ ሄደ። ሄዶ ግን አልቀረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ንስሩ የሚፈራው ከፍታውን አልነበረም፤ ፍርሃቱ ይመለሳል ብሎ ነበር የሚፈራው። ጠዋት የመሰላሉን የመጀመሪያ ብረት ሲጨብጥ «ዛሬ ነው» ይላል በልቡ። በፍርሃት የታፈነ ሰው ከአማቹ ጭንቅላት በላይ ብዙ ኩንታል ብረት አንጠልጥሎ ይውላል፤ ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ለመናገር አልሞከረም እንዳትሉ። ሞክሯል። በሻይ ሰዓት ፎርማኑን ገለል አድርጎ፣

«ፎርማን፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» አለው። «ላይ ስሆን አንዳንዴ ያፍነኛል። እጄም ይንቀጠቀጣል።»

ፎርማኑ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «ኧረ ስሙ ጎበዝ! ንስሩ ከፍታ ፈራ! ከነገ ጀምሮ ዶሮው ነው የምንልህ!»

በዙሪያው የነበሩት አሽካኩ። አንዱማ ክንፉን እያራገበ እንደ ዶሮ ጮኸ። ንስሩም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ፎርማኑ በኋላ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረው።

«ስማ ወንድሜ፣ ስለምወድህ ነው። ይህን ለማንም እንዳታወራ። ከሥራ ስትወጣ ሁለት ቢራ ጠጣበትና ተኛ። ወንድ ልጅ ደግሞ ምን ይሆናል?»

ወንድ ልጅ ምን እንደሚሆን መቃብር ቆፋሪውን ጠይቁት! ይህች «ምን ይሆናል» የምትባል ምክር ስንት ቤት እንደዘጋች ቢታወቅ፣ የተናገራት ሁሉ አፉን በሳሙና በታጠበ ነበር። ቢራው እንቅልፍ ያመጣል፤ ሰውየው ሳይጠግብ ደግሞ ነጥቆት ይሄዳል። ጠዋት ልቡ ከትናንቱ ብሶ ይደልቃል። ይህን ፎርማኑ አያውቅም። አለማወቁን ይቅር እለው ነበር፤ ሳያውቅ መምከሩን ግን ይቅር አልለውም።

ንስሩ ለእናቱም ስልክ ደወለ።

«እማዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ወይኔ ልጄን! የሰው ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደግሞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብለህ እንዳታስወራብኝ። አበደ ነው የሚሉህ። እህትህ ገና አላገባችም እኮ!»

እናት ናት፣ ትወደዋለች። ግን ለስሟ ፈርታ ልጇን ለአደጋ ሰጠችው።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። አንድ ጠዋት ቁርስ አቅርባለት ዳቦውን ቆርሶ ቆርሶ ሳይጎርስ ሲያስቀምጠው አየችና፣

«አንተ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

«እንቅልፍስ ወሰደህ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! በየቀኑ መርማሪ ነሽ እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስሠራ የሰው ገበና ስሰማ እውላለሁ» አለች ሳህኑን እያነሳች። «ገበናውን የማላውቀው የገዛ ባሌን ብቻ ሆነ።»

እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ። እሷ ለወንድሟ ደወለች። «እኔን ይቆጣኛል። አንተን ይወድሃል፤ ዛሬ አንተ ጠይቀው። ግን እንደ ሰላምታ እንዳይሆን፤ የምርህን ጠይቀው።»

«እሺ እትዬ፣ እጠይቀዋለሁ» አለ ወንድምዬው።

ጠዋት ሳያገኘው ቀረ፤ ንስሩ ማንም ሳያየው ቀድሞ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። በምሳ ሰዓትም አልወረደም። ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ነፋስ ተነሳ። አሳሪው የፌሮ እስር አጠገብ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ሰንሰለት አስሮ ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ከብረቱ ሥር ለማሳለፍ ቀኝ እጁን አስገባ። ያን ጊዜ ቀና ሲል የመስታወቷ ክፍል ታየችው። ንስሩ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፏል። አይንቀሳቀስም። አሳሪው የእህቱ አደራ ትዝ አለው። በግራ እጁ ደረቱ ላይ ያለውን ሬዲዮ ተጫነና የምሩን፣ ከልቡ ጠየቀ፦

«ጋሼ፣ ደህና?»

«ነህ ወይ» የምትለው አልተጨመረችበትም። ማን ይጨምራታል?

ላይ ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ምሰሶው እንዳይወድቅ በግንባሩ ደግፎ የያዘው መስሎት ነበር። ጆሮው ውስጥ ጥያቄ አልገባም፤ የሥራ ምልክት ነው የገባው። አፉ «ደህና!» አለ፤ እጁ እጀታውን ሳበ።

ሰንሰለቱ ጠበቀ።

ጩኸቱ ሬዲዮን አላስፈለገውም፤ እስከ ላይ ተሰማ። ንስሩ እጀታውን ለቀቀው፤ ጭነቱም በአንድ ጎኑ ተሰቅሎ ባለበት ቆመ። በመስታወቱ ወደ ታች አየ። አማቹ በእግሩ ጣቶች ቆሟል። ቀኝ እጁ በሰንሰለቱና በብረቱ መካከል ተይዞ ወደ ላይ ተወጥሯል። ጭነቱ ጥቂት ከፍ ቢል ከነሰውነቱ ያነሳዋል። በድንገት ቢወርድ ደግሞ እስሩ ተንከባሎ ይደፈጥጠዋል። ቀስ ብሎ፣ በስሱ መውረድ አለበት። ያን የሚያወርደው እጅ ግን እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

ፎርማኑ የሌላ ሰው ሬዲዮ ነጥቆ መጮህ ጀመረ። «አውርደው! አውርደው እንጂ አንተ! ወንድ አይደለህም እንዴ? ሰው ገደልክ እኮ!»

ንስሩ እጁን ወደ እጀታው ሰደደና መለሰው። ዓይኑ ጨለመበት። ምሰሶው ተወዛወዘ፤ ወይም አልተወዛወዘም፤ ሊለየው አልቻለም። ሰው ይላክ ቢባል መሰላሉ ረጅም ነው፤ ያ እጅ ያን ያህል አይጠብቅም።

ከዚያ በጩኸቱ መካከል የሚቆራረጥ ድምፅ ገባ። አሳሪው ነው።

«ፎርማን፣ ዝም በል! ሁላችሁም ዝም በሉ! ... ጋሼ፣ ትሰማኛለህ? አንሳ ማለቴ አልነበረም። አንተን ነበር የጠየቅኩህ። ደህና ነህ ወይ?»

ታች የቆሙት ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠው ቀሩ።

«አይደለሁም» አለ ንስሩ። «ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከታመምኩ ሰነበትኩ፤ እኔ ደህና አይደለሁም።»

«እሺ» አለ አሳሪው፤ ጥርሱን ነክሶ ነበር። «እኔም ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። አብረን እንተንፍስ። አስገባ... አሁን ቀስ ብለህ አስወጣ፣ ሻይ እንደምታበርድ። እንደገና። እኔን እይ፣ ሌላ ነገር አትይ። አሁን ሳብ ሳታደርግ፣ በትንሹ፣ ዝቅ አድርግልኝ።»

ሰንሰለቱ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ላላ። ደግሞ ላላ። ሰዎች ሮጠው ሰውየውን በብብቱ ያዙት። እጁ ወጣች። እጅ ከተባለች።

ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቹን ማትረፍ አልቻሉም። ሚስትየው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ባሏን ስታገኘው አልጮኸችም፤ ከመጮህ የባሰውን አደረገች። ፊቱ ላይ ቆማ «ደህና ነህ?» አለችው። አፉን ከፈተ፤ ቃሏ አልወጣ አለችው። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ይኸው» አለች። «ይህን ብትነግረኝ ኖሮ የወንድሜ ጣት ባልተከፈለበት።»

ፎርማኑ ብርቱካን ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ከጥፋት በኋላ ብርቱካን አያጣም።

«ሪፖርቱ ላይ ነፋስ ነው ብለን እንዝጋው» አለ። «ለአንተም ይሻላል፣ ለእኛም።»

«ነፋስ አልነበረም» አለ ንስሩ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ዶሮ ነበር ብዬ ልጻፍ?»

«ታሞ ነበር በል። ሊነግረኝ መጥቶ ነበር፣ ሳቅኩበት በል።»

ፎርማኑ ብርቱካኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑ ወለሉን እያየ ወጣ።

ንስሩ «አበደ ይሉሃል» የተባለበትን ሐኪም ቤት በሚስቱ እጅ ተይዞ ገባ። ሐኪሟ ሕመሙ ስም እንዳለው፣ እንደሚታከምም ነገረችው፤ የሕክምና ቀጠሮም ሰጠችው። ከዚያ ምሳ የት እንደሚበላ፣ ቡና ስንት እንደሚጠጣ፣ ስልኩ የት እንደሚያድር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእግሩ የሄደው መቼ እንደሆነ ስትጠይቀው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ምሳህን ብላ ለመባል ነው?»

«ክሬንህን ቅባት ትቀባዋለህ?» አለችው።

«በየጊዜው።»

«ባትቀባውስ?»

«መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ ይሰበራል።»

«አንተም ጮኸሃል። ሰሚ ነው ያጣኸው» አለችው። «ምሳው፣ እንቅልፉ፣ እግር ጉዞው፣ ከሰው ጋር ማውራቱ፣ ቅባትህ ናቸው። የተሰበረውን እኔ አክማለሁ፤ ቅባቱን ግን እኔ ቤትህ ድረስ መጥቼ አልቀባልህም።»

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ። አንደኛው «በእግርህ ዞር ዞር በል፣ ይለቅሃል፤ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ሌላው «ኪኒኑን ስጡኝና ኑሮዬን አትንኩብኝ» የሚለው ነው። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ ሄዳችሁ የአሳሪውን እጅ እዩ።

ሐኪሟ እስክትፈቅድለት ድረስ ንስሩ ወደ ላይ አልወጣም። የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሠራ። ምሳውን ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ በላ። ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር ለመደ። ማምሻውን አማቹ እጁ ተጠቅልሎ ቤት ሲመጣ ይዞት ይወጣና አብረው በዝግታ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ እያወሩ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው። እንደ ዶሮ የጮኸበት ያ ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን በምሳ መካከል «እኔም እኮ ሌሊት ያፍነኛል» ብሎ ጎረሰ። ማንም አልሳቀም።

ወደ መሰላሉ የተመለሰ ዕለት ፍርሃቱ ሥሩ ቆሞ ጠበቀው። ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። አሳሪውም ባለ ሦስት ጣት እጁን ኪሱ ከትቶ እዚያው ቆሟል።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»

ንስሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት አዳመጠ። አሳሪውም አልቸኮለም።

«እንቅልፍ ወስዶኛል። ቁርስ በልቻለሁ። ልቤ ይመታል፣ ግን ይዤዋለሁ። መጥፎ ከሆነ እነግርሃለሁ።»

«እሺ። ውጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደህና» የምትለው ቃል ከሬዲዮ ላይ ተባረረች፤ ቦታዋ መሬት ላይ፣ መሰላሉ ሥር፣ ፊት ለፊት ሆነ። ጭነት ሲነሳ አሳሪው ጣት የጎደላትን እጁን ላይ ካለው ሰው እንድትታይ ከራሱ በላይ ያወጣና «ታስሯል፣ እጄ ወጥቷል፣ አንሳ» ይላል። «አነሳለሁ» ይለዋል ከላይ ያለው።

አንድ ጠዋት ደግሞ ንስሩ መሰላሉ ሥር ሆኖ «ዛሬ አይደለሁም» አለ። ፎርማኑ ሰዓቱን አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ የአሳሪውን እጅ አየና አፉን ገጠመ። ክሬኑ ተተኪ ነጂ እስኪመጣ ድረስ ቆመ። ሥራ ዘገየ። ሲሚንቶው ሳይነሳ ቆየ። የዚያን ዕለት ግን ሁሉም ሰው ከነጣቱ ቤቱ ገባ።

ለዚያች ውሸት ስም እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። ጨዋነት አይደለችም፤ ሰንሰለት ናት። የሰው እጅ ሳይወጣ የምትጠብቅ ሰንሰለት። ዛሬ አንድ ሰው «ደህና ነህ?» ወይም «ደህና ነሽ?» ይላችኋል። እባካችሁ ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዚያ መልሱ። ጠያቂው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ እየሄዳችሁ አትጠይቁ። ቁሙ። ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩ። መልሱን እስክትሰሙ ድረስ ምንም ነገር አታንሱ።